የአሜሪካ መደርደሪያ

ባለፈው ጥር ከዝናብ ሸሽቼ የገባሁበት አውቶቡስ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ነበር። የማሞቂያው ትኩስ አየር ከእግሬ ሥር እየወጣ ካፖርቴን ሲያሞቀው የእርጥብ ሱፍና የናፍጣ ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሞላው። የጎደለው የወረቀት ሽታ ብቻ ነበር። እሱም አልቆየም፤ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ መጣ። ወዲያው ዐሥር ዓመቴ ሆነ፤ ጀርመን አገር፣ ግሪስሃይም ሰፈር ነኝ፤ ጎረቤታችን ጋሽ ተፈራም ከጎኔ ቆመው መነጽራቸውን በከረባታቸው ጫፍ ይወለውላሉ።

በዚያ ዓመት እኔና እናቴ ወደ አሜሪካ ልንሄድ ነበር። እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው። አባቴ ቀድሞን ዴንቨር ከገባ ቆይቷል፤ ጉዳዩ ሲያልቅ ይወስደናል ተብሏል። እናቴ አውሮፕላን ማረፊያ ትሠራለች። መንገደኛው ወርዶ ሌላው እስኪሳፈር ባለችው አጭር ጊዜ ውስጥ አውሮፕላኑን ታጸዳለች። እኔ ታዲያ ከምታጸዳቸው አንዱ ወደ ዴንቨር የሚበር አይጠፋም፣ ለምን አንዱ ወንበር ላይ ዝም ብላ አትቀመጥም እል ነበር። እኔን ትታ እንደማትሄድ ሲታወሰኝ ደግሞ ምናለ አንድ ቀን ይዛኝ ብትሄድ እላለሁ።

የከሰዓት የሥራ ፈረቃ፣ ሺኽት፣ ሲደርሳት ከትምህርት ቤት ስመለስ ቤት የለችም። በእነዚያ ቀናት ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት ጋሽ ተፈራ ዘንድ እቆያለሁ። ጋሽ ተፈራ ደሴ ከተማ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። ጀርመን የመጡት እኔ ሳልወለድ ነው፤ እዚህ የቢሮ ሕንጻ ሲጠብቁ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ሞተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። የብርቱካን ልጣጭ ማሞቂያው ላይ ስለሚያደርቁ ቤታቸው ሁልጊዜ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። ጀርመንኛቸው ለዳቦ ቤትና ለሐኪም ይበቃል እንጂ ከዚያ አያልፍም። በአማርኛ ሲያናግሩኝ በጀርመንኛ ከመለስኩ፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው ፊቴን እያዩ ይጠብቃሉ። አማርኛውን እስካገኘው ድረስ ይጠብቃሉ። አይቆጡም፤ ቃሉንም አያቀብሉኝም።

እናቴ ልጅቷ አሜሪካ ስትገባ እንግዳ እንዳትሆን ስለ አገሩ ንገሩልኝ አለቻቸው። ጋሽ ተፈራ እሺ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው የምትገቢበትን ቤት ታሪክ ሳታውቂ ደጁን አትርገጪ አሉኝ። እኔም ደጁ የት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አልሳቁም። እሱንም እናገኘዋለን አሉ።

ሐሙስ ሐሙስ ትምህርት ቤታችን አጠገብ የመጽሐፍ አውቶቡስ ይቆማል። ልጆቹ ቡኸርቡስ እንለዋለን። ውስጡ ወንበር የለውም፤ ግራና ቀኙ እስከ ጣሪያው መደርደሪያ ነው። ሲታጠፍ መጻሕፍቱ እንዳይወድቁ መደርደሪያዎቹ ወደ ኋላ ጋደል ብለው ተሠርተዋል። ወለሉ ላይ ያለው ምንጣፍ ከኅዳር እስከ መጋቢት ደርቆ አያውቅም። በሩ ጋ የጣቱ ጫፍ የተቆረጠ ጓንት አድርጋ የምትቀመጠው ፍራው ኖል ናት፤ የምንዋሰውን የምትመዘግበውም የምንመልሰውን የምትቀበለውም እሷው ናት።

ጋሽ ተፈራ የመጀመሪያ ቀን ሲሳፈሩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጫማቸውንም ሊያወልቁ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ሽፋኑ የሚያብረቀርቀውን መጽሐፍ አነሣሁ። ተቀበሉኝና መሐሉ ላይ ገለጡት። ባሕር ዳርቻ ላይ ባንዲራ የተከለ ሰው አለ፤ ከዛፍ ጀርባ ደግሞ ሰዎች ያዩታል።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

«ሰውዬው አሜሪካን አገኛት።»

«እነዚህስ፣ ከዛፉ ኋላ ያሉት?»

«እነሱ እዚያ የሚኖሩ ናቸው።»

«ሰው ከሚኖርበት ቤት ገብቶ ‹አገኘሁት› የሚል ምን ይባላል?»

አሰብኩና «ሌባ» አልኩ። ለፍራው ኖል ጎንበስ ብለው እጅ ነሱና መጽሐፉን ወደ ቦታው መለሱት። ያን ቀን ሌላ ይዘን ወጣን፤ ሽፋኑ አመድማ፣ ሥዕሉ ጥቂት። እኔ ከፍቶኝ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ጀመርን። ሐሙስ እንመርጣለን፤ የቀረውን ሳምንት በእሳቸው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አነባለሁ። እኔ ጀርመንኛውን ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ እሳቸው አማርኛዬን ያቃናሉ። ብዙውን ነገር ገልብጬ ነበር የምረዳው። ለምሳሌ የእርስ በርስ ጦርነት በጀርመንኛ ቡርገርክሪግ ይባላል። እኔ ደግሞ ከእናቴ ጋር ለወረቀት የምንሄድበትን መሥሪያ ቤት፣ ቡርገርአምትን፣ አውቃለሁ፤ እዚያ ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ያለውና የሌለው ሰው ወረፋው ላይ ሲነታረክ አይቻለሁ። ስለዚህ አሜሪካኖች ቁጥር ይዘው ሲጠብቁ አንዱ ተራ አልጠበቀም፣ ከዚያ ጦርነት ተነሣ ብዬ አስረዳኋቸው። ጋሽ ተፈራ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ ትክክለኛውን ስሙን ነገሩኝ። «የእርስ በርስ» እያልኩ ስደጋግመው ሳቃቸው ቆመ፤ ተነሥተው ማሞቂያው ላይ ያለውን ልጣጭ ማገላበጥ ጀመሩ። እሳቸውም እንዲህ ያለ ጦርነት የሚያውቁ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። የብርቱካኑ ልጣጭ ያረረ መስሎኝ ነበር።

ሌላ ጊዜ ባሮች በምድር ውስጥ ባቡር አመለጡ የሚል አነበብኩ። ለእኔ የምድር ውስጥ ባቡር ኡ-ባን ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማ ስንወጣ ኡ-ባን ጣቢያው ውስጥ በሩ የተዘጋ ደረጃ ባየሁ ቁጥር ጆሮዬን እለጥፍ ነበር። ለጋሽ ተፈራ ስነግራቸው እናቴን አስቸግሬያት እንደሆነ ጠየቁኝ። ከዚያ ባቡርም ሐዲድም እንዳልነበረ፣ ቤታቸውን ከፍተው የሚያሳድሩ ሰዎች ብቻ እንደነበሩ አስረዱኝ። ያዘንኩት ለባቡሩ ነበር።

ሥዕል ላይ በጣም ጠንካራ ነበሩ። አንድ መጽሐፍ ጥጥ የሚለቅሙ ባሮችን አፋቸውን ከፍተው ሲዘፍኑ ያሳያል። ይህን እንውሰድ፣ ደስ ብሏቸዋል እኮ አልኩ። «ደስ ያለው ሠዓሊው ነው» አሉና መጽሐፉን መለሱት።

ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። አራተኛ ክፍል ነኝ፤ በዓመቱ መጨረሻ ልጆቹ ወደየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚያልፉ ይወሰናል፤ ሁሉም የሚያወራው ስለዚያ ነው። እኔ አሜሪካ እሄዳለሁ ብዬ ለሁሉም ተናግሬያለሁ። መጀመሪያ ላይ ከበቡኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን አንድ በአንድ ተዉኝ። አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ በሚቀጥለው ዓመት አብራት ትራም የምትሳፈረውን ልጅ አስቀድማ ለመልመድ ቦታ ቀየረች። ልደቷን ስታከብርም አልጠራችኝም፤ ያን ጊዜ የምትኖሪ አልመሰለኝም አለችኝ። ልደቷ በሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር። አልዋሸችም። ለእነሱ ሄጃለሁ።

አባቴ እሑድ እሑድ ይደውላል። ዴንቨርን በየመጽሐፉ እፈልጋት ነበርና አንዱ ላይ ወርቅ ፈላጊዎች ጭቃ ውስጥ ቆመው አገኘኋት። ወርቁ አሁንም አለ ወይ ብዬ ስጠይቀው ረጅም ሳቅ ሳቀ። አለ፣ ግን የሚቆፈረው ሌሊት ነው አለኝ። መኪና ማቆሚያ ይጠብቅ እንደነበር የገባኝ በኋላ ነው። ከገና ወዲህ እሑዱ እየተዘለለ መጣ። አንድ እሑድ ስናወራ ከጀርባው ሕፃን ሲያለቅስ ሰማሁ። ምንድን ነው ስለው ቴሌቪዥን ነው አለ። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ማባበል ጀመረ፤ ስልኩን ከአፉ አርቆ «እሽሽ» ሲል ይሰማኛል። ለእናቴ አባዬ ለቴሌቪዥኑ እሽሽ አለው ብዬ በሳቅ ነገርኳት። እናቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች። የቧንቧ ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ።

በዚያው ሰሞን ፍራው ኖል አንድ ነገር አለችኝ። ለልጆች የሚሆኑ አዳዲስ የአሜሪካ ታሪክ መጻሕፍት ለአውቶቡሱ ሊገዙ ነው። ለናሙና የተላኩላት በርከት ያሉ ናቸው፤ መደርደሪያው ግን ጠባብ ነው። ከአሜሪካ ሌላ የማልዋስ ልጅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ከአያትሽ ጋር አንብቡና የሚሆኑትን ምረጡልኝ አለችኝ። ጋሽ ተፈራን አያቴ አድርጋ ነው የምታስባቸው፤ እኔም አስተካክያት አላውቅም። መጻሕፍቱን በጨርቅ ከረጢት ሞልታ ሰጠችን። ጋሽ ተፈራ ከረጢቱን ለእኔ አልሰጡም፤ እስከ ቤት ድረስ ራሳቸው ተሸከሙት፤ ደረጃው ላይ ሦስቴ ቢያርፉም። በማግሥቱ ከረባታቸውን ከወትሮው አጥብቀው አሥረው አገኘኋቸው። ክፍል ሊገቡ የተዘጋጁ አስተማሪ ነበሩ።

ከእነዚያ ውስጥ አንድ ሰማያዊ መጽሐፍ ነበር። ያን መጽሐፍ ትራሴ ሥር ነበር የማሳድረው። ከአውሮፓ በመርከብ የመጡ ሰዎች ደሴት ላይ ተሰልፈው ሐኪም ዓይናቸውን ሲያያቸው ያሳያል። ከዚያ አባቶች ቀድመው ሄዱ፣ ሠሩ፣ ቤት ተከራዩ፣ ቤተሰባቸውን አስመጡ ይላል። አንዲት የእኔ እኩያ ልጅ ከመርከብ ስትወርድ አባቷ ከሰው መሐል ባርኔጣውን ያውለበልብላታል። ሌሎቹን ሁሉ ከጋሽ ተፈራ ጋር ተነጋግረን ከለየን በኋላ እሱን መጨረሻ ላይ አወጣሁት። ይህ መቼም አይቀርም ብዬ አነበብኩላቸው።

ጋሽ ተፈራ እንደ ልማዳቸው አዳመጡና «ሁሉም አስመጡ ነው የሚለው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«በዚያው የቀሩ የሉም? ሌላ ትዳር ይዘው የረሱ?»

«የሉም። ሁሉም አስመጡ።»

«እንግዲያው ጎዶሎ ነው። አይሆንም።»

ይህን ያሉት ስለ መጽሐፉ ብቻ እያሰቡ ነው። ስለ ዘፋኞቹ ባሮች፣ ባንዲራ ስለተከለው ሰው መጽሐፍ እንደተናገሩት ሁሉ ነው የተናገሩት። እኔ ግን ተናደድኩ። እርስዎ በምን ያውቃሉ አልኩ፤ በጀርመንኛ። በዚያን ቀን አማርኛውን አልጠበቁም። ገባቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ያለ መነጽር ዓይናቸው ትንሽና ደካማ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ምን ብዬ እንደምጠራው አላወቅሁም፤ ስለዚህ በአማርኛ ጠየቅኋቸው።

«አባቴ ይወስደናል አይደል?»

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ከዚያ «ይህን የምትነግርሽ እናትሽ ናት» አሉ።

አዎ ማለት እኮ ቀላል ነው። ሰው ሁሉ አዎ ይለኝ ነበር። መጽሐፌን አቅፌ ደረጃውን ሮጬ ወረድኩ።

እናቴ ስትመጣ ጋሽ ተፈራ አባቶች ረስተው ይቀራሉ አሉኝ አልኳት። የአውሮፕላን ማረፊያውን ጃኬት እንኳ ሳታወልቅ ወደ ላይ ወጣች። ጩኸት አልሰማሁም። ስትመለስ ከነገ ጀምሮ እዚሁ ትቆያለሽ አለችኝ፤ ቁልፉንም በገመድ አሥራ አንገቴ ላይ አጠለቀችው። ስለ አባቴ ምንም አላለችም። እኔም አልጠየቅሁም። ካልጠየቅሁ አይነገረኝም፤ ካልተነገረኝ ደግሞ እንሄዳለን።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ረጅም ነበሩ። ከትምህርት ቤት እመጣለሁ፤ ቁልፉን እከፍታለሁ፤ እንዳይበርደኝ ካፖርቴን ሳላወልቅ እቀመጣለሁ፤ ማሞቂያውን መክፈት እንደምችል የነገረኝ አልነበረም። ከላይ የጋሽ ተፈራ ወንበር ሲንሸራተት ይሰማል። ሲያስሉ ይሰማል። ከዚያ ምንም አይሰማም። አንዳንዴ ዳቦ ሊገዙ ሲወርዱ እርምጃቸው በራችን ጋ ሲደርስ ይቀዘቅዛል። ከበሩ ወዲህ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ። እሳቸውም ይቆማሉ። ሁለታችንም በሩን ብቻ ስናይ ቆይተን እርምጃው ይቀጥላል። አንድ ቀን የበሩ ምንጣፍ ላይ የተላጠ ብርቱካን በወረቀት ተጠቅልሎ አገኘሁ። ቆሜ በላሁት። ለእናቴ አልነገርኳትም።

መጻሕፍቱን የምንመልስበት ሐሙስ ሲደርስ ከረጢቱ እኔ ዘንድ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ስመለስ በራችን ላይ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ሰማያዊውን መጽሐፍ ከትራሴ ሥር አውጥቼ ጨመርኩበት። ጎትቼው ነው የሄድኩት።

ፍራው ኖል መጀመሪያ የጠየቀችኝ አያትሽ የት አሉ ብላ ነው። ጉንፋን ይዟቸዋል አልኩ። የተመረጡትን በአንድ በኩል፣ ያልተመረጡትን በሌላ በኩል ደረደርኩላት። ለእያንዳንዱ ምክንያቱን ነገርኳት፤ ይህ ከዛፉ ጀርባ ስላሉት ሰዎች ይናገራል፣ ያኛው አይናገርም፤ ይህ ጦርነቱ ለምን እንደተነሣ ያስረዳል፣ ያኛው ጄኔራሎቹን ብቻ ይደረድራል። ድምፄ የጋሽ ተፈራን መምሰሉን እኔው ሰማሁት። በመጨረሻ ሰማያዊው እጄ ላይ ቀረ። ሁለቱንም ክምር አየሁ። ከዚያ ካልተመረጡት ላይ አስቀመጥኩት።

ፍራው ኖል አንሥታ ገለጠችው። ሥዕሉ ደስ ይላል፣ ምን ጎደለው አለችኝ።

«ስለማይመጡት አባቶች ምንም አይልም» አልኳት።

እንዲህ ብዬ ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። የተናገርኩትም በጀርመንኛ፣ እናቴ በማትሰማበት፣ እርጥብ ምንጣፍ ላይ ቆሜ ነው። ከኋላዬ ሁለት ልጆች የቀልድ መጽሐፍ ይሻማሉ። ፍራው ኖል ልጆቹን አልገሠጸችም፤ እኔንም አባትሽ የት ነው አላለችኝም። ጓንቷን አስተካከለችና ያን የሚናገር ሌላ መጽሐፍ ልፈልግ አለችኝ። ፈልጊ አልኳት። ባይገኝስ አለች።

«ቦታውን ባዶ ተይው።»

እሺ አለች። እንደ ትልቅ ሰው ነው እሺ ያለችኝ።

በዚያ ሳምንት እናቴ የጠዋት ሺኽት ነበራትና ከአውቶቡሱ ስመለስ ገብታ አገኘኋት። ለነገ የምትለብሰውን ሸሚዝ ትተኩሳለች። ከረጢቱን ጣልኩና ቦርሳዬን ሳላወርድ ቆምኩ።

«እማዬ፣ አሜሪካ አንሄድም አይደል?»

ካውያውን አቆመችው። ወደ እኔ አልዞረችም።

«አንሄድም።»

«ሕፃኑ የአባዬ ነው?»

«የሱ ነው። ወንድ ነው።» ከዚያ «ጋሽ ተፈራ ናቸው የነገሩሽ?» አለችኝ።

«አልነገሩኝም። እናትሽ ትነግርሻለች ነው ያሉኝ።»

እናቴ ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች። ሸሚዙን አጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው፤ እንደገና አጠፈችው። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች በሩን ከፍታ ወጣች። ደረጃውን ወደ ላይ ስትወጣ፣ ስታንኳኳ፣ የጋሽ ተፈራ በር ሲከፈት ሰማሁ። ሲዘጋ ግን አልሰማሁም።

ስትዘገይብኝ ተከትዬ ወጣሁ። ውጭ መሽቶ ነበር፤ ደረጃው ጨለማ ነው። የሕንጻችን የደረጃ መብራት ቁልፉ ሲጫኑት ይበራል፤ ጥቂት ቆይቶ ራሱ ይጠፋል። ተጫንኩት። ከላይ እናቴ ስታለቅስ ተሰማኝ። ሰው ፊት አልቅሳ አታውቅም፤ እኔም ድምፁ የሷ መሆኑን ያወቅሁት ቀስ ብዬ ነው። «እርስዎን ተቀይሜ ነበር» ስትል ሰማሁ፤ የቀረው አልተሰማኝም። ጋሽ ተፈራ «አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ» ይላሉ። ደጋግመው ያንኑ ይላሉ።

ወደ ላይ አልወጣሁም። የምገባበት እንዳልሆነ አውቄ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፤ ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። መብራቱ ጠፋ። ተነሥቼ ተጫንኩትና ተመልሼ ተቀመጥኩ። እንደገና ጠፋ፤ እንደገና ተነሣሁ። እናቴ ስትወርድ ጨለማ እንዳያገኛት ብዬ በጠፋ ቁጥር እየተነሣሁ አበራው ነበር።